የጀሪካን ክዳን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ

ሙህሲን ሻዩን እያማሰለ ቀና ሲል አዳራሹ ሞልቷል። የቃሊቲው የጀሪካን ክዳን ደረጃ ኮሚቴ እስከ ትናንት አምስት አባላት ነበሩት፤ ሁለቱ ምሳ ሲኖር ብቻ ይመጣሉ። ዛሬ ግን አንድ ጀሪካን አስመጪ ድርጅት አዳዲስ አባላት በሚኒባስ ጭኖ አምጥቷል።

ነገሩ ቀላል ነው። አስመጪው ባስረቀቀው ዓለም አቀፍ የክዳን ደረጃ ላይ ኮሚቴው በአገር ስም ድምፅ ይሰጣል። ረቂቁ ካለፈ ከአስመጪው በቀር የማንም ክዳን አይሸጥም፤ ከነባሮቹ አባላት አንዱ የሆነው፣ አቃቂ ላይ ክዳን የሚያመርተው ሙህሲንም ወርክሾፑን ይዘጋል።

«አዲሶቹ አባላት በምን ሙያ ተመረጡ?» ሲል ጠየቀ።

ሰብሳቢው አቶ ሉቃስ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ባለድርሻ አካላት ናቸው። ሁሉም ውኃ ይጠጣሉ።»

ቤቱ በመልሱ ረካ። ከባለድርሻዎቹ አንዱ የሠርግ መኪና አከራይ፣ አንዷ ሳሪስ አቦ ፀጉር ቤት ያላቸው እትዬ አሰፋች ነበሩ።

ረቂቁ ስድስት ሺህ ገጽ ስለሆነ ለውይይት ሃያ ደቂቃ ተመደበ። አብዛኛው በእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አለቀ።

«መግቢያው ላይ ክዳኑ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል ይላል፤» አለ ሙህሲን። «መጨረሻው ላይ ደግሞ ወደ ቀኝ ሲዞር ይከፈታል ይላል።»

«ዓለም አቀፍ ነዋ። ሁሉንም አገር ማካተት አለበት።»

«እንግዲያው እቃወማለሁ።»

«በጣም ጥሩ። ‹ከአስተያየት ጋር ድጋፍ› በሚለው ይያዝልዎታል።»

«ተቃወምኩ እኮ ነው የምለው፣ አቶ ሉቃስ።»

«ሰማሁ። ተቃውሞ የሌለውማ ያለ አስተያየት ነው የሚደግፈው። ያልመጡትም ደግፈዋል፤ ቅር ቢላቸው ይመጡ ነበር።»

ደረጃው በሙሉ ድምፅ፣ በጭብጨባ ጸደቀ። ሙህሲን አላጨበጨበም።

«እጅዎን ያምዎታል?» አሉት ሰብሳቢው በርኅራኄ።

ሲወጡ እትዬ አሰፋች ክንዱን ያዝ አደረጉት። «ሙህሲንዬ፣ እንኳን አገኘሁህ። እነዚህ አስመጪዎች የሰጡኝ ክዳን እያፈሰሰ ፀጉር ቤቴን አጨቀየው። ነገ ያንተን ሁለት አምጣልኝ እስቲ።»

«ከነገ ጀምሮ ክልክል ነው፣ እትዬ። አሁን እኮ እርስዎ ነዎት የከለከሉት።»

ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ዛሬ አምጣልኛ።»

ከሰዓት በኋላ አቶ ሉቃስም ደወሉ። ለጽሕፈት ቤታቸው ጀሪካኖች አምስት ክዳን ይፈልጋሉ፤ ያው የሙህሲንን ዓይነት፣ የማያፈስሰውን። ደረሰኝ ግን እንዳይቆረጥ አደራ አሉ።

ሙህሲን የወርክሾፑን ማሽን አጠፋ። የእትዬ አሰፋችን ሁለትና የአቶ ሉቃስን አምስት ክዳን መርጦ ጠርዛቸውን ሞረደ፣ ለየብቻ በፌስታል ቋጠራቸውና መደርደሪያው ላይ አኖራቸው።