በደቦ የተሠራው ስልክ

[ኅዳር ወር፣ እሑድ ረፋድ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ያለች የስልክ መጠገኛ ሱቅ። ጠጋኙ ይርዳው አይናዲስን ለማግባት ወደ አምበር ከተማ ሽማግሌ ልኳል፤ መልሱን አዲስ በገዛው ስልክ እየጠበቀ ነው። ገበሬው ጓደኛው አለበል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ባለ ቁልፍ ስልኩን በጋቢው ጫፍ ይወለውላል።]

አለበል፦ እና መብራት የለውም ነው የምትለኝ?

ይርዳው፦ የለውም አላልኩም! ገና አልተሠራለትም ነው ያልኩህ።

አለበል፦ የኔው ይበራል።

ይርዳው፦ ያንተማ ኩራዝ ነው! ይኸኛው የውስጥ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ያልጣመህን ትቀይራለህ፣ የጎደለውን ትጨምራለህ፣ ከልካይ የለህም።

አለበል፦ ጎድሎ እያለ ለምን ሸጡልህ?

ይርዳው፦ ኧረ በእመቤቴ! ሳምንት ሙሉ ምን ስልህ ከረምኩ? ደቦ ነው አላልኩህም? ከዓለም ዙሪያ ሺህ ሰው ተጠራርቶ፣ ሰባራ ሳንቲም ሳይከፈለው የሠራው ስልክ ነው።

አለበል፦ ጠላውን ማን ጠመቀ?

ይርዳው፦ ጠላ የለም።

አለበል፦ ንፍሮስ?

ይርዳው፦ የለም አልኩህ! ለሙያው ፍቅር ነው የሚሠሩት።

አለበል፦ ለዚያ ነዋ መብራቱ ጋ ሳይደርሱ የተበተኑ።

ይርዳው፦ [ጥርሱን ነክሶ] ዋናው አቅሙ ነው!

አለበል፦ ፌስቡክስ አለው?

ይርዳው፦ ለጊዜው የለውም።

አለበል፦ አማርኛ ያነባል?

ይርዳው፦ ያነባል... ፊደሉን ሳጥን ሳጥን አድርጎ ነው እንጂ። እኔው ራሴ አስተካክለዋለሁ።

አለበል፦ መቼ?

ይርዳው፦ ከፋሲካ በኋላ።

አለበል፦ ያልተገራ ወይፈን ገዛሁ በለኛ! ጉልበቱ መልካም፤ እርሻው ግን ዛሬ ነው።

ይርዳው፦ [ስልኩን እያገላበጠ] ዛሬስ አታስታውሰኝ። ሽማግሌው መሪጌታ አካለ ወልድ «አባቷ አቶ ውበቱ ቃል እንደሰጡ እደውልልሃለሁ» ብለውኝ ነበር። ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ልጅ ናት። ምን አቆያቸው?

አለበል፦ ለመሆኑ ሲደወልለት ይጮኻል?

ይርዳው፦ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ስልክ አይደል እንዴ!

አለበል፦ እስቲ። [ይደውላል። ሱቁ ጸጥ።] በኔ በኩል እየጠራ ነው።

ይርዳው፦ [ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ] ጠዋት ማሻሻያ ጭኜበት ነበር... ጥሪውን አጥፍተውት ይሆን እንዴ? ወይኔ ልጁ! ደውለው አጥተውኝ ቢሆንስ!

አለበል፦ ሰባት ጊዜ።

ይርዳው፦ ምን ሰባት ጊዜ?

አለበል፦ መሪጌታ ሰባት ጊዜ ደውለው ሲያጡህ በኔ ደወሉ። ወደዚህ ስመጣ መንገድ ላይ ነበርኩ።

ይርዳው፦ እና እስካሁን አፍህን ዘግተህ ተቀመጥክ?

አለበል፦ ያ ሁሉ አቅም ያለው ስልክ እያለ እኔ በኩራዝ ልቅደመው?

ይርዳው፦ አቶ ውበቱ ምን አሉ? ተናገር!

አለበል፦ «ልጁ በገዛ አፉ ቃሉን ይስጠኝ» አሉ። ስትጠፋ ጊዜ «ሲጠሩት ለማይሰማ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ብድግ አሉ።

ይርዳው፦ [ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ] አለቀልኝ።

አለበል፦ እኔ እያለሁ! «ደቦ ላይ ሆኖ ነው» አልኳቸው። «የከተማ ልጅ ሆኖ ደቦ የሚወጣ ከየት ይገኛል!» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። እሺ ብለዋል።

ይርዳው፦ [አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ] ወንድሜ! አንተን ነው ቂል ስል የኖርኩት?

አለበል፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ነገ ጤፋቸውን ታጭድላቸዋለህ። ስድስት ጥማድ ነው።

ይርዳው፦ ስድስት ጥማድ? እኔ ማጭድ ጨብጬ የማላውቀው?

አለበል፦ ብቻህን መች ሆነና? አንተው ያልከኝን ነው የነገርኳቸው፤ ከዓለም ዙሪያ ሺህ ሰው፣ ያለ ክፍያ። ሴቶቹ ጠላና ንፍሮ ለማሰናዳት ሲራወጡ በስልኩ ብሰማ ደግሞ «አትልፉ፣ የሱ ሰዎች አይበሉ፣ አይጠጡ» ብዬ አስቀረሁልህ። [ከጋቢው ሥር ማጭድ አውጥቶ ያቀብለዋል] እንካ፤ እነሱ እስኪደርሱ በዚህች ጀምር።