የዘርአጽዮን ሳምባና አጥሩ

(ኦሎምፒያ፤ መንገዱ ተዘጋግቷል። ቀጀላ አሮጌ ቪትዝ መኪናውን ይነዳል። አጠገቡ የተቀመጠው የልጅነት ጓደኛው ዘርአጽዮን ነው፤ ራሱን “አልሚ” የሚል የመሬት ደላላ። ሴት ልጁ ፊዮሪ ወልዳለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ሊስም እየሄደ ነው። ያስለዋል።)

ዘርአጽዮን፦ መስኮቱን ዝጋው አልኩህ፤ ንፋስ ይመታኛል።

ቀጀላ፦ አንተ በሳልክ ቁጥር የምመታው እኔ ነኝ። ትንሽ ትከፈት።

ዘርአጽዮን፦ ወር ሙሉ የሚያስለኝ ይሄው መስኮትህ ነው። ብርድ ነው።

ቀጀላ፦ ፊዮሪ ግን ቲቢ እንዳይሆን ተመርመር ብላሃለች አሉ።

ዘርአጽዮን፦ አራስ ሁሉም ነገር ያስፈራታል። ቲቢስ ቢሆን? እኔ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቻለሁ። ሳምባዬ ውስጥ መከላከያ አለ።

ቀጀላ፦ መከላከያ እኮ ስሙን ቀይሮ መቻል ሆኗል።

ዘርአጽዮን፦ የኳስ ቡድኑን ማን አነሳ? የመከላከያ ሴሎች ነው የምልህ።

ቀጀላ፦ እነሱ ናቸው ሳምባህ ውስጥ የሚጫወቱት?

ዘርአጽዮን፦ አይጫወቱም፣ ይበላሉ። በላተኛ ሴሎች አሉ። ባክቴሪያው በትንፋሽ ሲገባ ጠብቀው ዋጥ ያደርጉታል።

ቀጀላ፦ ጎበዞች። ተፈጭቶ አለቀ በለኛ።

ዘርአጽዮን፦ (እያሳለ) አያልቅም። ሰም ለብሶ ነው የሚመጣው፤ በቀላሉ አይፈጭም።

ቀጀላ፦ ወርቁስ?

ዘርአጽዮን፦ የምን ወርቅ?

ቀጀላ፦ ሰም ካለ ወርቅ አይጠፋም ብዬ ነው።

ዘርአጽዮን፦ በሽታ እንጂ ቅኔ አይደለም፣ ቀጀላ። ሰሙን ለብሶ፣ እዚያው የዋጠው ሴል ሆድ ውስጥ ተመቻችቶ ይራባል።

ቀጀላ፦ በሰው ቤት?

ዘርአጽዮን፦ በሰው ቤት።

ቀጀላ፦ ታዲያ ማን ማንን በላ?

ዘርአጽዮን፦ አስጨርሰኝ እንጂ። (ያስለዋል) ያን ጊዜ ሌሎች ሴሎች ተጠርተው ይመጣሉ። ሊገድሉት ይታገላሉ፤ አልሆን ሲላቸው ከበው ያጥሩታል።

ቀጀላ፦ በቆርቆሮ?

ዘርአጽዮን፦ በራሳቸው ገላ ነው፣ ተያይዘው ቆመው። ውስጥ ያለው አይወጣም። ሰውየው እንኳን ሊታመም፣ ባክቴሪያው መኖሩንም ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ቀጀላ፦ አሁን ገባኝ። ሰሚት ያለው መሬትህ ማለት ነው።

ዘርአጽዮን፦ እሱን ምን አመጣው?

ቀጀላ፦ የአባቴ የጤፍ ማሳ የነበረው ነዋ። ሊለማ ነው ብለህ አጠርከው። ሕንፃው የተሳለው ቆርቆሮው ላይ ነው፤ ውስጡ ጅብ ወልዷል።

ዘርአጽዮን፦ ከአጥር ውስጥ ሆኖ ማንን ነከሰ?

ቀጀላ፦ አምና ክረምት የአጥሩ አንድ ጥግ ወድቆ፣ ጅቡ ወጥቶ የሰፈሩን ውሾች ፈጃቸው እኮ።

ዘርአጽዮን፦ የኔ ሳምባ አጥር አይወድቅም። የሚወድቀው አቅም ያጣ ሰው አጥር ነው። በደንብ ያልበላ፣ መጠጥ የሚያበዛ፣ ስኳር ያለበት።

ቀጀላ፦ ስኳር አለብህ አይደል?

ዘርአጽዮን፦ ትንሽ ናት።

ቀጀላ፦ መቼም እኔ ቶሎ አይገባኝም፣ አትቆጣኝ። አጥሩ ከያዘ የሚያስልህ ማነው?

(ዘርአጽዮን ሊመልስ አፉን ይከፍታል። ሳሉ ይቀድመዋል።)

ዘርአጽዮን፦ ብርድ ነው አልኩህ። ደግሞ ዛሬ ልጁን ሳልስም አልመለስም። ስንት ዓመት የጠበቅኩት የልጅ ልጅ ነው።

ቀጀላ፦ እሱ እኮ ገና ጨቅላ ነው። የሱን አጥር መቼ ሠሩለት?

(ቦሌ መድኃኔዓለምን አልፈው ይታጠፋሉ። መኪናው ይቆማል።)

ዘርአጽዮን፦ ይሄ የፊዮሪ ሰፈር አይደለም። ጤና ጣቢያ ነው።

ቀጀላ፦ እኔ ልመረመር ነው። ወር ሙሉ ካንተ ጋር ውዬ ፈራሁ። ግን ነርሷ ብትጠይቀኝ ምን ብዬ አስረዳታለሁ? በላተኛው፣ ሰሙ፣ ወርቁ ይምታታብኛል።

ዘርአጽዮን፦ ወርቅ የለበትም አልኩህ። ብቻህን ብልክህማ ታዋርደኛለህ። ተወው፣ እኔ ቀድሜ ገብቼ አስረዳታለሁ።

(ይገባል። ቀጀላ በር ላይ ይቀራል። ጥቂት ቆይቶ ዘርአጽዮን ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ይዞ ይወጣል።)

ቀጀላ፦ አስረዳሃት?

ዘርአጽዮን፦ በላተኛው ጋ ስደርስ ሳል ያዘኝ። “አባባ፣ አክታዎን እዚህ ውስጥ ይትፉ” አለችኝ።

ቀጀላ፦ ማስረዳትህን ሳይሆን ማስረጃ ፈልጋ ነዋ።

ዘርአጽዮን፦ ታማሚው እሱ ነው ብላት፣ “እሳቸው ትናንት ተመርምረው ነፃ ናቸው፤ ዛሬ እርስዎን እንደሚያመጡ ነግረውኛል” አለች። (ዕቃዋን እያየ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ) ቀጀላ፣ ሆኖ ቢገኝስ? ልጁን ሳልስመው ልቀር ነው?

ቀጀላ፦ መድኃኒት አለው፤ ትውጣለህ፣ ትድናለህ። ከዚያ እስኪሰለቸው ትስመዋለህ።

ዘርአጽዮን፦ መንገዱን ሙሉ ሞኝ መስለህ አታለልከኝ።

ቀጀላ፦ ከኦሎምፒያ እዚህ ድረስ ሞኝነቱን ብቻዬን ተሸክሜ መጣሁ፤ ደከመኝ። በል አሁን ተቀበለኝ።