«ስንት ደረስክ?» የሚሉት ዶክተር ሸውቂ

የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ብትሄዱ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የባልደረቦቹን ጥናት አንብቦ የማያውቅ፣ ጥናቱ በስንት ሰው እንደተጠቀሰ ግን ከባለቤቱ አብልጦ የሚያውቅ። እኛ በግብፅ፣ በዓባይ ዴልታ፣ የዓሣ በሽታ በምናጠናበት ፋኩልቲ፣ የታደልነው ክቡር ዶክተር ሸውቂን ነው።

ክቡርነታቸው ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ከፍተው የጥቅስ መዝገቡን ያያሉ። ማን በማን ጽሑፍ ውስጥ ስሙ ተነሣ፣ የትኛው መጽሔት ደረጃው ወጣ፣ የትኛው ወረደ፣ ሁሉንም ቃርመው ወደ ኮሪደሩ ይወጣሉ። ከዚያ ወዮልን! ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «ስንት ደረስክ?» ይላሉ። ዶክተር ሪፍዓት ድምፃቸውን ሲሰማ ከቲላፒያ ዓሣ ገንዳዎቹ ጀርባ ይደበቃል።

«አየሁህ!» ይሉታል ከገንዳው ማዶ። «ያ ያሳተምክበት መጽሔት እኮ የጣዕሚያ ጥብስ መጠቅለያ ነው!»

ለቅሶም አያግዳቸውም። የቀድሞው ዲን የሞቱ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የሟቹን ልጅ እጅ ጨብጠው፣ «አላህ ይማራቸው፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደርሰው ነበር። አይዞህ፣ ከሞቱም በኋላ ይጨምራሉ» አሉት።

እኔ ጊሃን ግን ለመሳቅ አልታደልኩም። የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ ረቡዕ ኮሚቴ ፊት ሊቀርብ ነበር። ባለፈው ዓመት ዶክተር ሙኒር የጥቅሱ ቁጥር አንሶ ከኮሚቴው ክፍል ወድቆ ሲወጣ ፊቱን አይቻለሁ፤ አመድ ነበር የመሰለው። የኔ ቁጥር ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ሥራ፣ አሥራ ዘጠኝ!

እሑድ፣ የሥራ ሳምንታችን ሲጀምር፣ ክቡርነታቸው አጠገቤ ደረሱ። ምንም ሳይጠይቁኝ መሬት መሬት እያዩ አለፉ። ሰኞም እንደዚያው። ክፉ ውጤት የያዘ ሐኪም መሰሉኝ። መዝገቡን ከፍቼ ስሜን ጻፍኩ። የለም። አሥራ ዘጠኙም የለ፣ እኔም የለሁ።

ሮጬ ቢሯቸው ገባሁ።

«ዶክተር፣ ጠፋሁ እኮ!»

«በሩን ዝጊው» አሉኝ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ።»

«ምን አሉኝ?»

«አንዱ መጽሔት ጊሃን፣ አንዱ ጂሃን፣ ሌላው ጄሃን እያለ ነው የሚጽፍሽ። መዝገቡ ሦስት ሴት አድርጎ ሲቆጥርሽ ኖሯል። ሙኒርም እንዲሁ ሆኖ ኖሮ እኔ ያየሁት እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። ላንቺ ልድረስ ብዬ የመዝገቡን ሰዎች አንድ አድርጓት ስላቸው፣ ሦስታችሁንም ሰረዟችሁ።» ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። «በየሰዓቱ እጽፍላቸዋለሁ። ካልመለሱሽ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ግን ማን ይሰማኛል፣ ልጄ?»

«ማን አዘዘዎት?» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«ማንም። አሥራ ዘጠኝ እንዳልሆንሽ ስለማውቅ ነው።»

ማክሰኞን ከሳቸው ኮምፒውተር ፊት ዋልን። የገዙት የፉል ሳንድዊች ሳይነካ ደረቀ። መዝገቡን ባየን ቁጥር ባዶ ነው። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ፤ እኔ ሰበብ አጠናለሁ።

ረቡዕ፣ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ስሜ ብቅ አለ። አንድ ጊሃን። ስልሳ አራት።

ኮሪደሩን በጩኸት ይሞሉታል ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «አትሚው፣ ቶሎ፣ እንደገና ሳይጠፋ!» አሉኝ።

አለፍኩ። ስወጣ በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ ሚስቱ ምጥ ላይ እንዳለችበት አባወራ። ነገርኳቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ዛሬም ድምፃቸው ከሩቅ ሲሰማ ልቤ ድንግጥ ይላል። ባለፈው ወር ጉንፋን ይዟቸው ሁለት ቀን ቀሩ። ኮሪደሩ ጭር ሲልብኝ ፈራሁና ቤታቸው ደወልኩ።