«በእግዜር!» የሚሉ ሰዎች

ጨዋነት እግር እንደሚያደርቅ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ባለቤቴ አስካለ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ቤት ስትገባ፣ ሐኪሙ «እማማ፣ በየቀኑ ካልቆሙ እግርዎ ደርቆ ይቀራል» ብሏታል። እኔ ብለምናት ፈርታ እንቢ አለች። እንግዳ ሲገባ ግን «ኖር!» ብላ ምርኩዟን ትይዛለች። ምን ዋጋ አለው? ዲላ የጨዋ አገር ነው፤ ሁሉም «በእግዜር! እንዳትነሺ!» እያለ መልሶ ያስተኛታል።

ትናንት የልጃችን አማት ከቡሌ መጡ። ኩራታቸው የታወቀ ነው። አስካለ «ኖር!» አለች፤ እሳቸው ዝም። እየተንቀጠቀጠች ቆመች፤ አሁንም ዝም። ወንበር እስክትስብላቸው ጠበቁ።

ሸኝቼ ስመለስ «ቡሌ ሳይመለሱ ነገም ብቅ ይበሉ ብያቸዋለሁ» አልኳት።

«ትምጣ!» አለች አስካለ። «በር ድረስ ሄጄ ነው የምቀበላት! ያኔ አፏ ይፈታ እንደሆነ አያለሁ!»

ከአልጋዋ እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነው።