በንስሐ የተነገረ ፓስወርድ

ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው ይላሉ። እኔ ግን የሚከብደው ያደገ ልጅ አንድ ነገር ሲወድ ነው እላለሁ። ትንሽ ልጅ ኳስ ቢወድ ቢበዛ መስኮት ይሰበራል። ሥራ የያዘ፣ ጢም ያበቀለ ልጅ አንድ ነገር ከወደደ ግን የቤቱ ሰው በሙሉ አብሮ ካልወደደለት እረፍት የለም። አንዷ ወዳጄ በልጇ ምክንያት የውጭ አገር ኳስ ተጫዋቾችን ስም ሳትወድ በግዷ አጥንታለች። የኔው ዮናስ ደግሞ የወደደው ሊኑክስ የሚባል ነገር ነው።

ሊኑክስ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር፤ መልሱ ከእራት እስከ መኝታ ፈጀ። ባጭሩ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሰው መንፈስ ነው። መንፈስ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ረጅም ስም ነበር ያወጣለት። ብዙው ሰው ዊንዶውስ በሚባለው ይሠራል፤ የዮናስ ሊኑክስ ግን በነጻ የሚሰጥ፣ ማንም ውስጡን ከፍቶ የሚያየው፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተረዳድተው የሚሠሩት ነው። ይህን ስሰማ፣ የደቦ ሥራ ነው ማለት ነው፣ ደግ ሰዎች ናቸው ብዬ ልተኛ ተነሳሁ። ይኼኔ ነው ዋናውን ያመጣው። እቤታችን ያለው ዊንዶውስ የተሰረቀ ነው አለኝ።

እንዴት ነው የሚሰረቀው? ኮምፒውተሩን በገንዘባችን ገዝተናል። እሱ ግን ዕቃው የኛ ቢሆንም ውስጡ ያለው ሳይከፈልበት የተጫነ፣ ቁልፉ የተሰበረ ነው አለ። ኮምፒውተሩ ያለው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የተሰረቀ ነገር ፊት ቆሜ ውዳሴ ማርያም ስደግም ኖሬያለሁ ማለት ነው? በማግስቱ፣ ያንን የደቦውን ጫንልን አልኩት። እናቱን በየት በኩል እንደሚይዛት ያውቃል።

ችግሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንዴ ከተከፈተ አለመዘጋቱ ነው። ስልኬ ላይ ያለውን መዝሙር ያስጫንኩት ሾላ ገበያ አጠገብ ካለች ሱቅ ነው፤ ሚሞሪውን ሰጥቼ፣ ዕቃዬን ገዝቼ እስክመለስ ሞልተውልኝ። እሱስ? ብዬ ዮናስን ጠየቅኩት። ጭንቅላቱን አከከና ዘማሪዎቹ የፈቀዱት አይመስለኝም አለ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ሰው በተሰረቀ መዝሙር ፈጣሪውን ሊያመሰግን ይችላል? ጥቂት ቀን መዝሙሩን ዘግቼ በራሴ ድምፅ ለመዘመር ሞከርኩ። ልጄ ሰላም፣ የተሰረቀው ይሻለን ነበር አለች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እረፍት አጣ። ጥበቃ የሚባል ነገር መጣ። ፍላሽ የቫይረስ ሚኒባስ ስለሆነ እዚህ ቤት አይሰካም ተባለ። ሥራን ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥም ተከለከለ፤ ያ ማለት በማናውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ነው አለ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የክርስትና ስማችሁን ጻፉልን፣ በጸሎት እናስባችኋለን ለሚሉት ሁሉ ስሜን ስጽፍ አገኘኝ። እንዴት ለማታውቂው ሰው ስምሽን ትሰጫለሽ ቢለኝ፣ እኔን ባያውቁኝ እግዚአብሔር ያውቀኛል አልኩት። እሱ ደግሞ፣ ታዲያ እግዚአብሔር ካወቀሽ ቴሌግራም ላይ መጻፉ ለማን ነው አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ትምህርቴ ለዚህ መልስ አላዘጋጀኝም።

በመጨረሻ የመጣው ፓስወርድ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ እሱ ካልተጻፈለት ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ዮናስ ፓስወርዱን ለኛ አልነገረንም። ሰላም ለጓደኛ ታወራለች፣ እኔ ደግሞ በትህትና ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ ብሎ ነው፤ ስለኔ ያለው እውነት ነው። ወረቀት ላይም አይጻፍም። ሞት ቢቀድመውስ? እሱንም አስቦበታል። ምስጢር በመጠበቅ ከነፍስ አባት የሚበልጥ ሰው አለ እንዴ? ስለዚህ ለነፍስ አባታችን ለአባ ወልደ ሰንበት ነግሯቸዋል። እኔ ድሮም በዚህ ልጅ ፍጹም ተስፋ አልቆረጥኩም የምለው እንዲህ ሲያደርግ ነው።

ፍልሰታ ሲገባ ዮናስ ሱባኤ ሊይዝ ወደ ገዳም ሄደ። ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ተወው። ለእህቱ ያስጠነቀቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፊው።

ሰላም ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ሰፊ ናት። ሰፊ ስላችሁ ልብስ ትሰፋለች እንዳይመስላችሁ፤ የሸሚዝ አንገት ነው የምትሰፋው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንገት፣ አንገት፣ አንገት። ሸሚዙ ከአንገቱ በታች ምን እንደሚመስል የምታየው መንገድ ላይ ለብሶት የሚሄድ ሰው ስታገኝ ነው። በቅርቡ ታዲያ ልብሱ የሚነደፍበት ክፍል ውስጥ አንድ ቦታ ተከፈተ። የሚፈልግ ሁሉ አንድ የልጅ ቀሚስ ነድፎ ያምጣ፣ እናወዳድራለን ተባለ። ወንድሟ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ነጻ መሳያ አስተማራት፤ እሷም ከሥራ መልስ ዓይኗ እስኪቀላ ነደፈች። እንደዚያ ስትፍለቀለቅ አይቻት አላውቅም። ማስረከቢያው ዓርብ ጠዋት ነው። ያ ካመለጣት ተመልሳ ወደ አንገቱ ናት።

ሐሙስ ፈቃድ ወስዳ መጨረሻውን ልታስተካክል ቁጭ ብላለች። ሰማዩ ገና ማጉረምረም ሲጀምር መብራት ድርግም አለ። ብዙ አልቆየም፣ መጣ። ኮምፒውተሩም ተነሳና ፓስወርድ አለ። ሰላም እኔን አየችኝ። እኔ ሥዕሉን አየሁ። ፍላሽ ላይ የለም፤ ሚኒባስ ነዋ። ኢንተርኔት ላይ የለም፤ የሰው ቤት ነዋ። ያለው እዚያው ውስጥ ነው፣ ከነቀሚሱ ተቆልፎ። ልጅቷ የወንድሟን የልደት ቀን ጻፈች፣ የኔን ስም ጻፈች፣ በመጨረሻ ስድብ ጻፈች። አልከፈተም። ጣቷን ስትነክስ ሳይ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ወጣሁ።

በፍልሰታ ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አባ ወልደ ሰንበት ገና ውስጥ ናቸው። እኔ ትዕግሥተኛ ሴት ነኝ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። የዚያን ቀን ግን እግሬ አልቆም አለ። ቅዳሴውን በጆሮዬ እከተላለሁ፣ ልቤ ኮምፒውተሩ ጋ ነው። በአቤቱ ማረን መሃል፣ እባክህ ይቺን ፓስወርድ እያልኩ ስንቴ እንደ ጨመርኩ እሱ ይወቀው።

አባን እንዳገኘኋቸው መስቀል ተሳልሜ ጉዳዩን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ እሱ በንስሐ የተነገረኝ ነው" አሉኝ።

"አባቴ፣ ኃጢአት እኮ አይደለም። የኮምፒውተር ቁልፍ ነው።"

ኃጢአት መሆን አለመሆኑ አይደለም አሉ፤ ጥያቄው የት ላይ ተነገረ ነው። ከኑዛዜው በኋላ፣ መስቀል ተሳልሞ እግዚአብሔር ይፍታህ ከተባለ ወዲያ ከሆነ ተራ ወሬ ነው። ከዚያ በፊት ከሆነ ግን ከነፍስ ጉዳይ ጋር ገብቷል፣ አይወጣም። ዓይናቸውን ጨፍነው ለማስታወስ ሞከሩ። ዝናቡ ጀመረ። ዮናስ ኃጢአቱን ዘረዘረ፤ ከዚያ አንድ ነገር ልንገርዎት አለ፤ ከዚያ ፓስወርዱን አስጠናቸው፤ ከዚያ ነው ጎንበስ ያለው። ዓይናቸውን ከፈቱ። ከመፈታቱ በፊት ነው አሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ሐዘን ከልብ ነበር። ይህ ልጅ ጥበቃ ሲል የዋዛ አይደለም ማለት ነው። ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ቄሱንም ቆልፏቸዋል።

ስለ ልጄ ነገርኳቸው። አንገት ስለምትሰፋው ነገር፣ ስለ ነገው ጠዋት። እንባዬ መጣ፤ ዝናብ ነው ብዬ ጠረግሁት። አባ ጥላቸውን እያሽከረከሩ አሰቡ። አሰቡና፣ "የተከለከልኩት መናገር ነው። እኔው መጥቼ ብጽፈውና ማንም ባያይ ግን ምስጢርነቱ የት ይሄዳል?" አሉ። እጃቸውን ልስም ስል ቀድመውኝ መንገድ ጀመሩ።

የምንኖረው ጉርድ ሾላ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። አባ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። ከፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤቴ እትዬ አስካለ መስቀል ልትሳለም ወጣች፤ ወሬውን ስትሰማ ወደ ቤቷ አልገባ አለች። አባ ጸሎት አድርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉና ሁላችንም ወደ ግድግዳ እንድንዞር አዘዙ። ዞርን። እትዬ አስካለም በረንዳው ላይ፣ ክፍት ከሆነው በራችን ውጪ ሆና ዞረች። ማንም አላጭበረበረም፤ ይህን ለሁላችንም እመሰክራለሁ።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አባ ወልደ ሰንበት በአብነት ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። እዚያ ነገር የሚያዘው በዜማ ነው፤ በቃል የተያዘም በድምፅ ካልወጣ አይመጣም። ዳዊቱንም እንደዚያ ነው የያዙት፣ ፓስወርዱንም።

"ኪው" ብለው በቅዳሴ ድምፃቸው ጀመሩ። "ኪው የት ናት?"

ሰላም ፊቷን ከግድግዳው ሳትነቅል፣ "ከላይ በግራ ጥግ፣ አባ" አለች።

ቀጥሎ ሰባት መጣች፤ ቁጥሮቹ ከፊደሉ በላይ ናቸው አልናቸው። ዜድ የተገኘችው ከታች ነው። ከዚያ ትልቁ ኤም ነው አሉና ቆሙ። እዚህ ላይ ያለው ሁሉም ትልቅ ነው እኮ፣ ትንሹ የታለ አሉ። ሰላም በጎን ያለችውን ቁልፍ ተጭነው እንዲይዙ አስረዳች። እንዲህ እያልን፣ እሳቸው እያዜሙ እኛ ለግድግዳው እየመለስን ጨረስነው። አልከፈተም። ኤሟ ትንሽ ሆና ነው መሰለኝ አሉና፣ ኮምፒውተሩ ያልሰማቸው ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከኪው ጀመሩ። ታች ፎቅ ያለ ሬዲዮ ተዘጋ። በሁለተኛው ዙር ኤም ላይ ስንደርስ እትዬ አስካለ ከውጪ፣ "አባቴ፣ አሁን ጎኗን ይያዟት" አለች።

ተከፈተ። ቀሚሱ ከነአበባው ብቅ ሲል ልጄ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባ ላባቸውን ጠርገው፣ ማንም አላየም አይደል አሉ። ማንም አላየም አልናቸው። እሳቸውም እፎይ ብለው ባርከውን ሄዱ።

ሰላም ዓርብ ጠዋት ንድፉን ይዛ ሄደች። በምን እንደወሰደችው ለወንድሟ አንነግርም፤ ከእትዬ አስካለ የተዋስነው ሚኒባስ ነው። ሰኞ ጠርተው ከሸሚዝ አንገት ወደ ንድፍ ክፍል ተዛውረሻል አሏት።

ዮናስ ጾሙ ሲፈታ ከስቶ፣ በርቶ ተመለሰ። ከሚኒባሱ በቀር፣ አባ መጥተው እንደጻፉልን ነገርነው። እህቱን እንኳን ደስ አለሽ ሳይላት በፊት የጠየቀው፣ ፓስወርዱን ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ ነው። የለም አልኩት፤ መሐላ ስለማልወድ ሳልምል ነው የነገርኩት። አባ ዘንድም ሄዶ ጠየቃቸው፤ ለማንም አልተናገርኩም ብለውታል። ልጁ ልቡ ተነካ። ሰው መታመን ከቻለ ምን ሶፍትዌር ያስፈልጋል እያለ ይህን ፓስወርድ እስከ ዕለተ ሞቴ አልቀይረውም አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ መብራት ሄዶ መጣ። ዮናስ እኔን ፊትሽን አዙሪ ብሎ፣ ኪቦርዱን በደረቱ ሸፍኖ መጻፍ ጀመረ። አልከፈተም አለ። ደግሞ ሞከረ፣ አልከፈተም። እትዬ አስካለ ከፊት ለፊቱ በር ላይ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል፣

"ኤሟን ትልቅ አድርጋት፣ ልጄ" አለችው።