የበላይ አካል የሚያዳምጥበት ሽቦ

ዘንድሮ ሰው ስልክ ደውሎ ሳይነሳለት ሲቀር እንዴት እንደሚናደድ አያችሁልኝ? ልጄ ሞባይሉን ከግድግዳ ሊያጋጨው ምንም አይቀረው። እኔ ግን አልናደድም። ለምን ብትሉኝ፣ መልስ በሌለው ስልክ ሪፖርት ሲያደርግ የኖረ ሰው አውቃለሁ። ያውም ተሹሞ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም ቢሆን መጠንቀቅ አይከፋም።

ነገሩ ደርግ በገባ ሰሞን ነው። ከአንኮበሯ ከተማ ከጎረቤላ በላይ ኮረብታው ላይ አንዲት የቆርቆሮ ቤት እጠብቅ ነበር። ውስጧ የአንድ መምህር ሬዲዮ አለ። የሚያዳምጡት ሳይሆን የሚናገሩበት። መምህሩ ደብረ ብርሃን ፊዚክስ ያስተምራል፤ ትርፍ ጊዜውን ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር በሬዲዮ ሰላም ሲባባል ያሳልፋል። ምን ያወራሉ? ስለ ዝናብ! «እናንተ ዘንድ ጣለ?» «ጣለ።» ያ ሁሉ ሽቦ እንግዲህ ለዚህ ነው። ከንጉሡ ጊዜ የተረፈ ፈቃድ ነበረው።

ሬዲዮው ከፍታ ስለሚወድ አንኮበር ተቀመጠ፤ መምህሩ ግን ደብረ ብርሃን ነው። ስለዚህ በስልክ ሽቦ ተገናኙ። እሱ ቤቱ ሆኖ የስልኩን እጀታ ሲያሽከረክር፣ እኔ ዘንድ ቀይ መብራት ይበራል፣ ሬዲዮው ይነሳል። በስልኩ የተናገረው ሁሉ ከዚያ ወደ ዓለም ይሄዳል። የኔ ሥራ ባትሪ መጠበቅና ዝንጀሮ ማባረር ነው።

አንድ ሰሞን መብራቱ በጠራራ ፀሐይ ይበራ ጀመር። በዚያ ሰዓት መምህሩ ክፍል ውስጥ ነው፤ ታዲያ ማን ነው የሚያበራው? ነገርኩት። መጀመሪያ የሌሊቱ ጉም ሽቦውን አርጥቦት ነው አለ። ቀጥሎ ባትሪውን ቀየረ። አሁንም ይበራል። እንዲህ ስንል አንድ መቶ አለቃ ከተፍ አለ። ከዚህ አካባቢ ምስጢር በሬዲዮ እየወጣ ነው፣ የታሰሩ ሰዎች ስም ሳይቀር ተሰምቷል አለ። መምህሩን ገላመጠውና፣ «ወይ ሌላ ተናጋሪ ታመጣለህ፣ ወይ አንተው ነህ» ብሎት ጎረቤላ ሰፈረ።

እኔና መምህሩ ሽቦውን ተከትለን ምሰሶ በምሰሶ ወረድን። ጎረቤላ ስንደርስ አንድ ቀጭን ሽቦ ከኛው ተገንጥሎ በገበሬ ማኅበሩ መስኮት ይገባል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሊቀመንበሩ ነው። «ሃሎ! የበላይ አካል! ሃሎ!» እያለ ይጮኻል።

ለካ ማኅበሩ ከአንድ ባላባት ቤት ስልክ ወርሷል። ስልኩ አለ፣ መስመር የለም። የኛ ሽቦ ደግሞ በጣሪያው ላይ ያልፋል። ቀጠለዋ! እጀታውን ሲያሽከረክር ሬዲዮው ይነሳል፣ ጆሮው ውስጥ «እዝዝ» ይላል። እያዳመጡኝ ነው ብሎ ሪፖርቱን ያዘንበዋል። መልስ ማጣቱስ አላጠራጠረውም? ምን ያጠራጥረዋል! የበላይ አካል መቼ መልሶ ያውቃል?

የመምህሩን እጅጌ ያዝኩ። «መምህር፣ ይቺን ሽቦ በጥሰን ዝንጀሮ ነው እንበል።»

«ጋሼ፣ የሚታሰረው እኮ እኔ ነኝ! ዝንጀሮ ነው ብል ማን ያምነኛል?»

«ከሊቀመንበሩ ዝንጀሮ ይሻላል። ዝንጀሮ ቂም አይዝም።»

ሳቀብኝ። መቶ አለቃውን ጠርቶ ኮረብታው ላይ ይዞት ወጣ።

ተቀምጠን ጠበቅን። ቀዩ መብራት በራ። መምህሩ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ሰሞኑን የመጣው መቶ አለቃ ጠጅ ያበዛል፤ ከአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ሙክት ተቀብሏል፤ ለአብዮቱም አይታመንም። ስሙን ከነማዕረጉ ጠራው። የመምህሩ ፊት በደስታ በራ። ብልሽቱ ተገኘ! መቶ አለቃው ግን ላቡን ጠረገ።

«ይሄን የት ድረስ ነው የሚሰሙት?» አለ።

«ሰማዩ ከጠራ ዓለም በሙሉ» አለ መምህሩ፣ በኩራት።

የዚያኑ ዕለት የመቶ አለቃው ሰዎች መምህሩን፣ ሬዲዮው ያንተ ነው ብለው፣ ከነሬዲዮው ጭነው ወሰዱት። ሊቀመንበሩንስ? ለበላይ አካል ስም የሚያቀብልን ሰው ማን ይነካዋል! መቶ አለቃው ከዚያ ወዲያ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ነበር የሚጨብጠው።

ከወራት በኋላ የመምህሩ እናት ከእነዋሪ መጡ። እኔም የምጠብቀው ሬዲዮ ሲጠፋ የማኅበሩ ዘበኛ ሆኛለሁ። «ልጄ በሕይወት አለ ወይ? እሱን ብቻ ንገሩኝ» አሉ። ሊቀመንበሩ አዘነላቸው፤ የምሩን ነው። እጀታውን አሽከረከረ። «ሃሎ! የበላይ አካል!» ብሎ የልጃቸውን ስም ከነአባቱ ተናገረ። ጆሮውን ደቅኖ ቆየ።

«ድሮ እዝዝ ይል ነበር» አላቸው። «አሁን ጸጥ ብለው ነው የሚሰሙት፣ እማማ።»

ሽቦው የት እንደሚያልቅ እኔ አውቃለሁ። ኮረብታው ላይ፣ ባዶው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እሳቸው ግን ሊቀመንበሩን መረቁት። ከዚያም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መልሱን ሊጠብቁ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።