እንጅባራ ኳስን በጉግስ ወግ ስትጫወት

በሬዲዮ ስለ ኳስ የሚያወሩት ልጆች “ይሄ ተጫዋች ለቡድኑ አጨዋወት አልተመቸም” ሲሉ ሳቄ ይመጣል። እኛን አላዩ! በጃንሆይ ጊዜ የእንጅባራ ቡድን ተከላካይ ነበርኩ። አትሳቁ፣ ያኔ ወገቤ ቀጭን ነበር።

አገሩ የፈረስ አገር ነው። ኳስ ሊያይ የሚመጣው ሰው እንኳ ግማሹ ከኮርቻው አይወርድም። እኛም ከኳስ በፊት የምናውቀው ጉግስን ነው። በጉግስ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ ከዚያ የሸሸው ዞሮ በተራው ያባርራል። በዚህ ያደገን ሰው “ቦታህን ይዘህ ቁም” ብትሉት ይቆማል?

ከአዲስ አበባ የመጡት የስፖርት መምህራችን ግን ቁሙ ባይ ነበሩ። አጥቂያችን አንዳርጌ የታወቀ ፈረሰኛ ነው፤ እሱ ወደ በራችን ሲሸሽ ሁላችንም አብረነው እንሸሻለን። መምህሩ ተቆጡ። ጎረቤታችንን ዳንግላን አሸንፈን አናውቅም፤ ዘንድሮም ከተሸነፍን አንዳርጌን ከቡድኑ አስወጣዋለሁ አሉ። አንዳርጌ ከወጣ ደግሞ ምን ቡድን አለን?

ዳንግሎች መጡ። እንደ ችካል ተተክለን ቆምን። ገና ሳንሞቅ አንድ አገቡብን። በእረፍት ሰዓት መምህሩን ከበን “እባክዎ ይልቀቁን” ብለን ለመንናቸው። እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው፣ እንደፈለጋችሁ ሁኑ ብለው ካቦርታቸውን ደርበው ተቀመጡ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ኳሷን ይዘን ወደ ገዛ በራችን ሸሸን። ዳንግሎች የፈራን መስሏቸው በረኛቸው ሳይቀር ግልብጥ ብለው ተከተሉን። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አንዳርጌ ዞረ፣ እኛም ዞርን። ሁለት አግብተን አሸነፍን። አስወጣዋለሁ ያሉት መምህር እዚያው ሜዳ ላይ አንዳርጌን አምበል አደረጉት። ልብስ በሰውየው ልክ እንደሚሰፋ፣ አጨዋወትም በሰው ልክ ነው የሚሰፋው ስል ኖሬያለሁ። ኩራቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ለመልሱ ጨዋታ ዳንግላ ሄድን። የዘነጋነው ነገር፣ ዳንግሎችም የፈረሰኛ ልጆች ናቸው። ፊሽካው ሲነፋ አንዳርጌ ኳሷን ይዞ ሸሸ፣ እኛም አብረነው ሸሸን። ዞር ብንል የሚከተለን የለም። እነሱም በራቸው ሥር ተሰብስበው እንድናባርራቸው ይጠብቃሉ። መሃል ሜዳ የቀረው ዳኛው ብቻ ነው። እንዲሁ ስንተያይ ሰዓቱ አለቀ፤ ባዶ ለባዶ ወጣን።

ማን በለጠ ካላችሁኝ ግን፣ ቀድመን የሸሸነው እኛ ነን።